ስለ አሮጌ የጨዋታ ዕቃዎችና ከእነርሱ ጋራ ስለሚኖረው ታሪክ

ሰው ኹሉ በቤቱ ውስጥ አክብሮ የሚያስቀምጠው ነገር አለው። አንዱ ወርቁንና ብሩን በሣጥን ይቈልፍበታል፤ ሌላው የርስቱን ወረቀትና የሹመቱን ደብዳቤ በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖራል፤ ሌላው ደግሞ የጸሎት መጽሐፉን በማኅደር ከቶ በራስጌው ይሰቅላል። ይህ ኹሉ መልካም ነው። ነገር ግን አባቶቻችን በደስታቸው ቀን የተጫወቱበት ዕቃ፤ ማለት የጉግሱ ዘንግ፤ የገናው ዱላ፤ የግልቢያው ኮርቻና እርካብ፤ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለውም። ዘንጉ ማገዶ ይኾናል፤ የጋሻው ቆዳ ተተልትሎ ለጠፍር ይውላል፤ እርካቡም ወደ ቀጥቃጭ ቤት ሄዶ ቢላዋ ወይም ማጭድ ኾኖ ይመለሳል። የጦር ዕቃ የኾነ እንደ ኾነ ሰው ያከብረዋል፤ የጨዋታ ዕቃ የኾነ እንደ ኾነ ግን «ጨዋታ ነው» ብሎ ይንቀዋል።

እኛ በዚህ ነገር ከብዙ ሰዎች ጋራ አንስማማም። አንድ ሕዝብ በጦርነቱ ቀን ምን እንደ ነበረ ከጦር ዕቃው እንደሚታወቅ፤ በሰላሙ ቀን ምን እንደ ነበረ ደግሞ ከጨዋታ ዕቃው ይታወቃል። ደግሞስ በአገራችን ጨዋታውና ጦሩ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? ጉግስ የሚጫወት ጐበዝ በጥምቀትና በመስቀል ሜዳ ላይ ፈረሱን ማዞር፤ ዘንግ መወርወርና በጋሻ መመከት የሚማረው ለቀኑ ደስታ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ከብዙ ዓመታት ወዲህ በመጠነኛ ዐቅማችን እንዲህ ያለውን አሮጌ ዕቃ ከነታሪኩ ስንሰበስብ ቈይተናል፤ በዚህም ሥራ ያየነውንና የተማርነውን ለተከበራችኹ አንባቢዎች፤ ይልቁንም ለየቤቱ አባትና እናት፤ ልናካፍል ወደድን።

የምንኖረው በአገው ምድር በፋግታ ለኮማ ወረዳ በአዲስ ቅዳም ከተማ ነው። ከተማይቱ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ናት፤ ስሟም ራሱ የቅዳሜን ቀን ያስታውሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ይጸናል፤ ጭጋጉም ማልዶ በሜዳው ላይ ይተኛል። በዚህ አገር ፈረስ ማለት የጌታ መቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ይጭነዋል፤ ያርስበታል፤ ሙሽራውን ያጅብበታል፤ ለቅሶ ይደርስበታል። ሰው ሲሞት ፈረሰኞች ተሰብስበው መምጣታቸው ለሟቹ ክብር ነው፤ ሰው ሲያገባም እንዲሁ ነው። ስለ ፈረስ የሚነገር ነገር የሌለበት ቤት በአገው ምድር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓመተ ምሕረት እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ ይኸውም ጠላት ገና ካገራችን ሳይወጣ መኾኑ ነው። ዓላማውም በዐድዋና ከዚያም ወዲህ በተደረገው ተጋድሎ አባቶችን ተሸክመው የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ነው። ለሰው ሐውልት የሚያቆም ሕዝብ ብዙ ነው፤ ለፈረስ መታሰቢያ ብሎ ማኅበር የሚያቆም ግን እምብዛም አይገኝም። ዛሬ አባሎቹ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ኾነዋል፤ በዓላቸውንም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራሉ። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው፤ የዐድዋም ድል የተገኘው በየካቲት ወር በዚሁ በ23ኛው ቀን እንደ ኾነ ኹሉ ያውቀዋል። በዚያ ቀን ፈረሱ ኹሉ ተሸልሞ፤ ግላሱ ለብሶ፤ መርገፉ ተንዠርግጎ ሲወጣ ያየ ሰው፤ በየቤቱ ጣሪያ ሥር ምን ያኽል ዕቃ ተሰውሮ እንደ ኖረ ያስተውላል።

ከሰበሰብናቸው ዕቃዎች ውስጥ በዋጋ የምታንሰው አንዲት የብረት እርካብ ናት። ቀጥቃጭ የሠራት ትንሽ ቀለበት መሳይ ስትኾን፤ ወጣቶች ባዩዋት ጊዜ «ይህች የሕፃን ፈረስ እርካብ ናትን?» ብለው ይጠይቁናል። የሕፃን አይደለችም። የቀድሞ ፈረሰኛ ጫማ ስለማያደርግ በእርካቡ ውስጥ የሚያስገባው እግሩን በሙሉ ሳይኾን አውራ ጣቱን ብቻ ነበር። ጫማ በተለመደ ጊዜ እርካቡ ሰፋ፤ ትንሿም ሥራ ፈታች፤ ብዙዎቹም በእሳት ቀለጡ። እንግዲህ ይህች ብረት አንድም ፊደል ሳይኖርባት ስለ አንድ ዘመን እግር ትናገራለች፤ ያ ባዶ እግር ፈረስን ያኽል ኀይል በአንድ ጣት ይዞ እንደ ገዛ ትመሰክራለች።

እርሷን ባየን ቍጥር የሻምበል አበበ ቢቂላ እግር ትዝ ይለናል። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የኾነውን የማራቶን መንገድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣ። ጫማ ያላደረገበትም ምክንያት የተሰጠው ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው፤ እርሱ ደግሞ በባዶ እግር መሮጥ የለመደ ነበረ። ሩጫው ካለቀበት ሥፍራ ሳይርቅ ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የወሰዱት ሐውልት ቆሞ ነበር፤ አበበም በዚያ በኩል አልፎ ሮጠ። ሐውልቱ እስኪመለስ ድረስ ከዚያ ወዲያ 45 ዓመት ያኽል ቈየ፤ በ1997 ዓ.ም. ግን ወዳገሩ ገባ። አበበም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ብቻ አልፎት ሳለ፤ ጫማ አድርጎ ሮጦ ኹለተኛውን ወርቅ ወሰደ፤ ማራቶንን በኦሎምፒክ ኹለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ኾነ። እንግዲህ ያ ባዶ እግር በሮማ ድንጋይ ላይ የታየ ጊዜ የውጭ አገር ሰው እንደ ተአምር ቈጠረው፤ ለእርካባችን ባለቤት ግን እንግዳ ነገር ባልኾነበትም ነበር።

ስለ ማራቶን ካነሣን ዘንድ ሌላ ነገር እንጨምር። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከኾነ በኋላ ልክ በ40ኛው ቀን በአቴና ከተማ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማራቶን ተሮጠ፤ ያሸነፈውም ስፒሪዶን ሉዊስ የሚባል ግሪካዊ ነው። ሚሼል ብሬያል የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ለአሸናፊው የብር ጽዋ ሰጥቶ ነበርና ሉዊስ ወደ ቤቱ ይዞት ገባ። ጽዋው ከአባት ወደ ልጅ፤ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ በዚያው ቤተ ሰብ እጅ ከ100 ዓመት በላይ ቈየ። የልጅ ልጁ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2012 በለንደን በሐራጅ ባወጣው ጊዜ 541,250 ፓውንድ ተሸጠ፤ የገዛውም አንድ የግሪክ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ነበረ ሕዝብ እንዲያየው አደረገ። ዋጋውን የሰማ ሰው ይደነቃል፤ እኛ ግን ይልቁን ያስደነቀን ያ ቤተ ሰብ ጽዋውን ያን ያኽል ዘመን ሳያቀልጠው፤ ሳይለውጠው፤ የማን እንደ ኾነም ሳይረሳ መጠበቁ ነው። በዚያው በ1888 ዓ.ም. በእኛ አገር በየቤቱ የገባው ዕቃ ኹሉ እንዲህ ቢጠበቅ ኖሮ ዛሬ ምን ያኽል በታየ ነበር።

ዕቃ ግን ከነታሪኩ ካልኾነ ዋጋው የብረቱና የቆዳው ዋጋ ብቻ ነው። ታሪኩ ደግሞ እውነት ካልኾነ ዕቃውን ያረክሰዋል። ይህን የሚያስረዳ ነገር በእኛው ሰፈር ስለ ተደረገ እንጽፈዋለን፤ የሰዎቹን ስም ግን እንተወዋለን።

አንድ ጐልማሳ ከአያቱ የወረሰውን ጋሻ ይዞልን መጣ። ጋሻው ከወፍራም ቆዳ የተሠራ፤ ዙሪያው ገና ያልተጣመመ፤ ከግራው በኩል ወደ ታች ሦስት ጐድጓዳ ምልክት ያለበት ነበር። «ጋሼ፤ ይህ አያቴ ዐድዋ የዘመቱበት ጋሻ ነው፤ ምልክቱም የጠላት ጥይት ነው፤ እርስዎ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁ ስለ ኾኑ በወረቀት ይጻፉልኝ» አለን። ከትልቅ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ጋሻውን አይቶት ኖሮ፤ የዐድዋ መኾኑ በወረቀት ከተጻፈለት እጥፍ ድርብ ሊከፍል ቃል ገብቶለታል። ጐልማሳው ልጆቹን የሚያስተምርበት ገንዘብ ቸግሮት ነበርና ነገሩ ለእርሱ ቀላል አልነበረም፤ ለእኛም ቀላል አልነበረም።

ጋሻውን ወደ ብርሃን አውጥተን አየነው። ጥይት ቆዳን በስቶ ያልፋል፤ ወይም ቀዶ ይወጣል። በዚህ ጋሻ ላይ ግን አንድም ቀዳዳ አልነበረም፤ ሦስቱም ምልክቶች ድቡልቡልና ደንዳና ነገር የመታቸው ናቸው። ከዚህም በላይ አያትየው በ1960ዎቹ ዓመታት ውስጥ በ70 ዓመት ገደማ እንደ ሞቱ ጐልማሳው ራሱ ነገረን፤ ቢቈጠር በዐድዋ ጊዜ ገና አልተወለዱም። ይህን በቀስታ ብንነግረው ፊቱ ጠቈረ። «እንግዲያው ምንም አይደለም በሉኛ!» አለ። እኛም «ምን እንደ ኾነ ገና አላወቅንም፤ ምን እንዳልኾነ ብቻ ነው ያወቅን» ብለን፤ የአያቱን ዘመን ሰዎች የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ዘንድ አብረን ሄድን።

ሽማግሌው ጋሻውን በእጃቸው ዳሰሱትና ሳቁ። በልጅነታቸው በጥምቀት ሜዳ ያውቁታል። የጐልማሳው አያት ጉግስ ሲጫወቱ ሸሽተው ሲጋልቡ ጋሻቸውን ወደ ኋላ አዙረው ሳያዩ የሚመክቱ ስለ ነበሩ፤ ዘንጉ ኹሉ በግራ በኩል ወደ ታች ያርፍባቸው ነበር። ሽማግሌው ይህን ተናግረው ዝም አላሉም። «አንድ ጥምቀት» አሉ፤ «እርሳቸው በተራቸው አሳዳጅ ነበሩ። የሚያሳድዱት ሰው ፈረሱ ተደናቅፎ ወደቀበት። ዘንጉ በእጃቸው ነው፤ ሕዝቡም ይጮኻል። እርሳቸው ግን ዘንጉን ከመሬት ጥለው፤ ከፈረስ ወርደው፤ የወደቀውን አንሥተው በገዛ ፈረሳቸው ላይ አስቀመጡትና ልጓሙን ይዘው በእግራቸው እየሄዱ ከሜዳው አወጡት። ያ ሰው ከዚያ በፊት በመሬት ነገር ባላጋራቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ክርስትና ተነሣሡ።»

እኛም ወረቀቱን ጻፍን። በወረቀቱም ላይ ጋሻው የጉግስ ጋሻ መኾኑን፤ ሦስቱ ምልክቶች የዘንግ ምት መኾናቸውን፤ ታሪኩንም ከማን እንደ ሰማንና በስንት ቀን እንደ ሰማን አሰፈርን። ነጋዴው ይህን ባየ ጊዜ ጋሻውን ትቶ ሄደ። ጐልማሳው ብዙ ወራት ሰላምታ ነፈገን፤ በመንገድም ሲያየን ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። ስለ ልጆቹ ትምህርት ስናስብ ሐዘኑ የእኛም ሐዘን ነበረ። በመከር ጊዜ ግን ጋሻውን ተሸክሞ ተመልሶ መጣና፤ ያ ከፈረስ የወደቀው ሰው የልጅ ልጆች ወሬውን ሰምተው ወደ ቤቱ እንደ መጡ፤ ጋሻውንም እንዳዩና እንደ ሳሙት ነገረን። በወረቀቱ ላይ የእነርሱን ቃል እንድንጨምርለት ጠየቀን፤ ጨመርንለት። ጋሻውን እስከ ዛሬ አልሸጠውም። ገንዘቡን እንዳላገኘ እናውቃለን፤ ይህንንም አንሸሽግም። ነገር ግን ሐሰት የተጻፈበት ጋሻ ቢሸጥ ኖሮ ያ እውነተኛው ታሪክ ለዘለዓለም በጠፋ ነበር፤ የዐድዋ ጀግኖችም ያልሠሩት ሥራ በስማቸው በተቈጠረ ነበር፤ ይህም ለእነርሱ ክብር አይኾናቸውም።

በውጭ አገርም የዚህ ነገር ነጋዴዎች ለእውነት ምን ያኽል እንደሚጠነቀቁ እንመልከት። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ በመጫወት እጅግ የታወቀው ቤብ ሩት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1932 የለበሰው አንድ መለያ ልብስ በ2005 በ940,000 ዶላር ተሸጠ። በኋላ ግን አዋቂዎች የልብሱን ስፌትና የፊደሎቹን አቀማመጥ ከጥንት ፎቶግራፎች ጋራ እያስተያዩ መርምረው፤ ሩት በዚያ ዓመት በቺካጎ ባደረገው በታወቀው ጨዋታ ቀን የለበሰው ያው ራሱ እንደ ኾነ አረጋገጡ። ስለዚህ በ2024 በሐራጅ በወጣ ጊዜ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ የተለወጠው ማስረጃው ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ ወረቀት ስንጽፍ «ማን ነገረን? እርሱስ እንዴት ዐወቀ?» ብለን መጠየቃችን ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም የተሰበሰበ ዕቃ ይሰቀል ወይስ ይሠራበት የሚል ነው። አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ባለቤታቸው ይጋልቡበት የነበረውን ኮርቻ ለገበያ አውጥተው አገኘናቸው። ኮርቻው ከእንጨት ተጠርቦ በቆዳ የተለበጠ፤ በጥንቃቄ የተያዘ ነበር። አንድ ሰው እንጨቱን ለማገዶ እያሰበ ሲከራከር ደርሰን የጠየቁትን ሰጠናቸው። እርሳቸውም ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው «ልጄ፤ ኮርቻውን ሸጥኹልህ እንጂ ስሙን አልሸጥኹልህም፤ የማን ኮርቻ ነው ሲሉህ የእርሱን ስም ጥራ» አሉን። ቃል ገባን።

በተከተለው ጥር የእኒያ እናት የልጅ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፤ ለጊዮርጊስ ወደ እንጅባራ እንድጋልብበት ያውሱኝ» አለን። ከወዳጆቻችን አንዱ «እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ ጊዜ ከተሰበረ አይገኝም፤ በምንም አትስጡት» ሲል መከረን። ምክሩ ከንቱ አልነበረም። እኛ ግን ይህን አሰብን፤ ኮርቻ የተሠራው ለፈረስ ጀርባ ነው፤ ማኅበሩም በዓሉን የሚያከብረው ያለፈውን ለማየት ብቻ ሳይኾን እንዲቀጥል ለማድረግ ነው። ደግሞም ቆዳ ሰው ካልነካው ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠፍሩንና መቀነቻውን ባለሙያ እንዲያየው አድርገን አዋስነው። ልጁ በኹለተኛው ቀን አቧራውን ጠርጎ መለሰልን፤ እኒያ እናትም በዚያ ቀን የባለቤታቸው ስም በሜዳው ላይ ሲጠራ እንደ ሰሙ ነገሩን። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕግ አደረግነው፤ ሊሠራ የሚችል ዕቃ በዓመት አንድ ቀን ለባለቤቱ ወገን ይወጣል፤ ሊሠራ የማይችለው ደግሞ በቦታው ኾኖ ይታያል። ምንጊዜም ቢኾን የእኛ ድርሻ ጠባቂነት እንጂ ባለቤትነት አይደለም ብለን እናምናለን።

ስለ ስም ከተነገረ አይቀር፤ አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበረ ልጆቻችን ቢያውቁ እንወዳለን። ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፤ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»፤ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ይባሉ ነበር። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር የፈረሱን ልጓም ለብረት ፍላጎት ብቻ ማቅለጥ የስምን ግማሽ እንደ ማቅለጥ ነው።

የምንሰበስበው የፈረስን ዕቃ ብቻ አይደለም። አንድ የገና ዱላ አለን፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፤ እጀታው በብዙ እጅ ላብ የጠቈረ ነው። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚኾኑ የእጁ ላብ የማን እንደ ኾነ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ይህም ያስደስተናል። ደግሞም ከጋዜጣ የተቈረጡ አሮጌ ሥዕሎች አሉን። ከእነርሱም ውስጥ የምንወደው የ1954 ዓ.ም. የአፍሪቃ እግር ኳስ ዋንጫ ነገር ነው። ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፤ የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ኾነው፤ ኢትዮጵያና ግብጽ በመደበኛው ሰዓት 2 ለ2 ወጡ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጎል አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች፤ ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ለሉቻኖ ሰጡት። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች በየቤታቸው የመግቢያ ወረቀት፤ ፎቶግራፍ፤ ወይም የቡድን መለያ ልብስ አስቀምጠው ሊኾን ይችላል። ከልጅ ልጆቻቸው ስንቱ ያውቀው ይኾን?

ይህ ጽሑፍ ለቤተ ሰብ የሚቀርብ ስለ ኾነ፤ አሁን ለየቤቱ የሚጠቅመውን አጠባበቅ በአጭሩ እንነግራለን። ይልቁንም የግላሱን ጥልፍ የጠለፉት፤ ቆዳውንም ቅቤ እየቀቡ ያለሰለሱት ብዙ ጊዜ ሴቶች እንደ ኾኑ ስለምናውቅ፤ ምክራችንን በመጀመሪያ የምናቀርበው ለእመቤቶች ነው።

የቆዳ ዕቃ ከፀሐይም ከርጥበትም ይራቅ። እንደ እኛ ባለ ዝናም በሚበዛበት ደጋ አገር ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነውና፤ ጋሻና ኮርቻ ከግድግዳው ጥቂት ተለይተው ነፋስ በሚያገኛቸው ሥፍራ ይቀመጡ። አቧራው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በውሃ አይታጠብ። ቅባት ሲያስፈልገው እጅግ ጥቂት ይበቃዋል፤ የበዛ ቅባት አይጥንና ነፍሳትን ይጠራል። ብረቱን በአሸዋ አትፈትጉት፤ ዝገቱ ሲለቅ የቀጥቃጩም ምልክት አብሮ ይለቃልና። ጥልፍ ያለበት ግላስ ቢታጠፍ በእጥፋቱ ይቀደዳል፤ ስለዚህ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኖ ይጠቅለል። ፎቶግራፍ በጣት ከመካከሉ አይነካ፤ ዳርና ዳሩ ይያዝ።

ከዚህ ኹሉ የሚበልጠው ግን ወረቀቱ ነው። በያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ወረቀት በክር ይታሰር፤ በወረቀቱም የባለቤቱ ስም፤ የአገሩ ስም፤ ዕቃው ምን እንደ ተሠራበት፤ ታሪኩን ማን እንደ ተናገረ፤ የተጻፈበትም ቀን ይጻፍ። የቀለም ጽሕፈት ርጥበት ሲነካው ይፈስሳልና በእርሳስ ይጻፍ። እርግጠኛ ያልኾነው ነገር «ይባላል» ተብሎ ይጻፍ፤ የታየው «ታየ»፤ የተሰማው «ተሰማ» ተብሎ ይለይ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንዲት ቍራጭ ወረቀትና አንድ ምሽት ብቻ ነው። ልጆች ከአያታቸው አጠገብ ተቀምጠው እየጠየቁ ቢጽፉት ደግሞ ጽሕፈትም፤ ታሪክም፤ ሽማግሌን ማክበርም በአንድ ጊዜ ይማራሉ።

በአገራችን የዲከረንስ ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል የብዙ ቤት መተዳደሪያ ኾኖ ቈይቷል፤ እኛም አንነቅፈውም፤ ሰው መኖር አለበትና። ዛፉ ተቈርጦ እንደ ገና ይተከላል፤ በጥቂት ዓመትም ይደርሳል። አባት የጨበጠው የገና ዱላ ግን አንድ ጊዜ እሳት ከገባ ኹለተኛ አይበቅልም። ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የተከበራችኹ አንባቢዎች ሆይ፤ በቤታችኹ ጣሪያ ሥር ጭስ የጠጣ አንድ አሮጌ ነገር ካለ፤ ከመሸጣችኹና ከመጣላችኹ በፊት አውርዱት፤ አቧራውን ጥረጉት፤ ከዚያም በቤቱ ያሉትን ትልቅ ሰው «ይህ የማን ነበር?» ብላችኹ ጠይቁ። መልሱን ዛሬ ካልጻፋችኹት ነገ የሚነግራችኹ ሰው ላይገኝ ይችላል።